ሃምሳ አምስተኛው አንቀጽ

ሐምሌ በደብረ ብርሃን የጉም፣ የካፊያና የግብር ወር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ ሱቁን በጠዋት የሚከፍት ነጋዴ ጋቢውን ሳያወልቅ ነው ሥራ የሚጀምረው። በዚሁ ወር፣ ዓመታት ባስቆጠረ ልማድ፣ ትንንሾቹ ነጋዴዎች የንግድ ፈቃዳቸውንና ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ በፌስታል ይዘው ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይሄዳሉ። ሻይ ቤት ያላትም፣ ብርድ ልብስ የሚቸረችረውም፣ አረቄ የምትሸጠውም ሰልፍ ላይ ሲቆሙ ከጨዋታቸው የማይጠፋ ጥያቄ አለ፦ ይህ ቁርጥ ግብር ማን መክሮበት ነው እኔ ላይ የወደቀው? ገንዘቡስ የት ይገባል?

ሁለት ጥያቄ ይመስላል እንጂ አንድ ነው። ግብሩን የሚቆርጠው ማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ ለትምህርት ይዋል ለጦር፣ ለመንገድ ይዋል ለቤተ መንግሥት የሚጠይቅ አይኖርም። ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ሕግ የሰፈረው፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ በሐምሌ ወር ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. መሳፍንቱና መኳንንቱ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው የአገሪቱ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ሲፈረም፣ ፊታቸው ቆሞ ሰነዱን ያብራራላቸው ሰው የሰሜን ሸዋ ተወላጅ ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይባላሉ። ረቂቁን የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ሕገ መንግሥቱ 55 አንቀጾች ነበሩት፤ የመጨረሻው ስለ ገንዘብ ነበር።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምዕራብ፣ ስንዴና ጤፍ በሚበቅልበት ሜዳማ አገር፣ ደነባ የምትባል ከተማ አለች። የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ መቀመጫ ናት። ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. የተወለዱት በዚሁ በሲያደብር ነው። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ራስ መኰንን ቤት ገቡ፤ ከጌታቸው ጋር አድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ሩሲያ ተሻግረው አንድ የሩሲያ መኮንን ቤተሰብ እንደ ልጅ አሳደጋቸው፤ የመድፈኛ ትምህርትም እዚያው ተማሩ። ወደ አገራቸው የተመለሱት አፋቸው ሩሲያኛና ፈረንሳይኛ የለመደ፣ ዓይናቸው የሌላ አገር አስተዳደር ያየ ጎልማሳ ሆነው ነው። ሰውየው ወታደር፣ ገበሬ፣ አገረ ገዢ፣ የገንዘብ ሚኒስትርና ዲፕሎማት ሆነዋል፤ በዚያ ላይ የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት፣ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጽፈዋል። በአውሬ ተመስለው መድረክ ላይ የወጡት ሹማምንት አልወደዱትም፤ ተውኔቱ ታገደ።

ለመሆኑ ተክለ ሐዋርያት ሕግ አውጪ ሊባሉ ይችላሉ? ተመራጭ አልነበሩም። የሕዝብ ድምፅ ይዞ ወንበር ላይ የተቀመጠ እንደራሴ ያኔ በአገሪቱ አልነበረም። ግን እንደራሴው የሚቀመጥበትን ወንበር በወረቀት ላይ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ያውም ግብር እንዴት እንደሚበላ እያዩ ባደጉበት አገር ልምድ።

እዚህ ላይ የቃሉን ነገር ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በአማርኛ ግብር ማለት ገበሬው የሚከፍለው ነው፤ ግብር ማለት ንጉሡ ወይም መኰንኑ አዳራሽ ውስጥ የሚያበላውም ነው። «ግብር አገባ» እና «ግብር በላ» አንድ ቃል ይጋራሉ። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችው በአንኮበር ይህ የቃላት ጨዋታ ሳይሆን የዕለት ኑሮ ነበር። ገባሩ ተራራውን ወጥቶ እህሉን፣ ማሩን፣ ጨውን ያስገባል፤ ያስገባው ጎተራና ጓዳ ገብቶ ተመልሶ በንጉሡ ገበታ ላይ ለጭፍራው ይቀርባል። ከአንኮበር ግርጌ ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ደግሞ የሐረርና የታጁራ ነጋዴዎች የሚራገፉበት፣ ቀረጥም የሚከፈልበት ነበር። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሻምበል ሃሪስ ከተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረሙት በዚህ ቀረጥ በሚያስገኝ መንገድ ምክንያት ነው። ማን ምን ያህል እንደሚከፍል ንጉሡ ይወስናሉ፤ ምን ላይ እንደሚውልም ንጉሡ ይወስናሉ። ጠያቂ የለም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው የአበው ቃል የፍርድ ቤት ነገር ብቻ አይደለም፤ የግምጃ ቤትም ነው።

ገባሩ የሚሸከመው አንድ ግብር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ። መሬቱ ላይ የሚከፈል አለ። ሁዳድ የሚባለውን የጌታውን እርሻ በነጻ ጉልበቱ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። ለመንገደኛ ሹም ድርጎ ያቀርባል፤ አጥር ያጥራል፤ እህል ይፈጫል፤ ጭነት ያደርሳል። ሠራዊት ሲሰፍር ደግሞ ተሰሪው ወታደር ቤቱ ገብቶ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፣ የልጆቹን እንጀራ ይበላል። ዐፄ ምኒልክ ከክፉ ቀን ረሀብ በኋላ፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ ወታደሩ ከገበሬው ቤት እንዲወጣና ለቀለቡ ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንድ እንዲያገባ ወሰኑ። አስራት የሚባለው ይህ ነው። ያኔ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ግን አስራቱን የሚገምተው ሹም ከአውድማው ዳር ቆሞ የሚያየው በገዛ ዓይኑ ነው፣ ዓይኑ ደግሞ እንደ ተደረገለት መስተንግዶ ይሰፋል ይጠብባል። እህሉ እስኪገመት ድረስ አውድማ ላይ ዝናብ የመታው ገበሬ ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም።

በዚያ ዘመን ይህን ሁሉ በጽሑፍ የተቹ ተክለ ሐዋርያት ብቻ አልነበሩም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» መጽሐፋቸው የታወቀና የተቆረጠ ግብር፣ አንድ የተስተካከለ የጉምሩክ ሥርዓት እንደሚያስፈልግ ተከራክረዋል። ልዩነቱ ገብረ ሕይወት በብዕር መቅረታቸው ነው። ተክለ ሐዋርያት አውራጃ ተሰጣቸው። በ1910ዎቹ አጋማሽ የጨርጨር ገዢ ሆነው፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ፤ ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን የታሰበ ግዛት ነበር። በቆላው ቡና፣ በደጋው እህል ያለበትን ያን አገር ሲያስተዳድሩ፣ ሲያደብር ላይ በልጅነታቸው ያዩትን የገባር ኑሮ ከላይ ሆነው ተመለከቱት።

በ1923 የቀረበላቸው ሥራ ግን ከአውራጃ የሰፋ ነው። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከጫኑ ዓመት አልሞላቸውም። ሕገ መንግሥት እንዲረቀቅ አዘዙ፤ ሞዴሉ በ1881 ዓ.ም. የወጣው የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ሆነ። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጃፓን ዘውዷን ሳታወርድ፣ አውሮፓ ሳይገዛት፣ የሠለጠነ መንግሥት ያቆመች አገር ተብላ በጊዜው የኢትዮጵያ ምሁራን ዘንድ ትደነቅ ነበር።

ረቂቁ ወደ መሳፍንቱ ጉባኤ ሲቀርብ ጠቡ የተነሣው በሚያምሩት አንቀጾች ላይ አልነበረም። ዘር ቆጥረው አገር የሚገዙት መሳፍንት የፈለጉት፣ ግዛታቸው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ እንዲያውቅላቸው ነበር። ይህ በዛሬ ጆሮ የሥልጣን ክርክር ብቻ ይመስል ይሆናል። አይደለም። የጠየቁት ጉልት ነው፤ ጉልት ማለት መሬት አይደለም፤ ከመሬቱ ግብር የመብላት መብት ነው። ግዛቱ በዘር ይተላለፍ ማለት የአንድ አገር ግብር ለዘላለሙ የአንድ ቤተሰብ ይሁን ማለት ነው። የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ይህን ቢፈልጉ አይገርምም፤ በግብር አሰባሰባቸው ስማቸው የታወቀ፣ ከአገሪቱ ሀብታሞች ግንባር ቀደም ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ ሲወጣ ግን የመሳፍንቱ ርስተ ጉልት ጥያቄ በውስጡ አልነበረም። መሳፍንቱ ያገኙት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ወንበር ነው፤ ያውም ንጉሠ ነገሥቱ መርጠው የሚያስቀምጡበት።

ተክለ ሐዋርያት በዚህ ፍልሚያ ከዘውዱ ጎን ነበሩ። በኋለኛው ዘመን ዓይን ሲታይ ይህ ለንጉሡ ፍጹም ሥልጣን ማደላደል ነው፣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎችም እንዲሁ አንብበውታል። እውነትም ሕገ መንግሥቱ የንጉሠ ነገሥቱን አካል የተቀደሰ፣ ሥልጣናቸውን የማይደፈር ይላል። ሆኖም በ1923 ግብርን ከመሳፍንቱ ጓዳ አውጥቶ ወደ አንድ ግምጃ ቤት ለማምጣት ከዘውዱ በቀር አቅም ያለው ማን ነበር? ነጋዴው ጥቂት፣ ገበሬው ዝም የተባለ፣ ጋዜጣው የመንግሥት ነበር። ሰውየው ምርጫቸውን አድርገዋል፤ ምርጫው የሚያስከፍለውንም በኋላ ከፍለውታል።

ወደ ሃምሳ አምስተኛው አንቀጽ እንምጣ። ሰባተኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ ይህ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ሐሳቡ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ የመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ፣ ምንጩ ምንም ይሁን፣ ለእያንዳንዱ ሚኒስቴር ስንት እንደተመደበ በሚያሳይ ዓመታዊ በጀት መሠረት ካልሆነ በቀር አይወጣም። በጀቱን የገንዘብ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ የሕግ መወሰኛውና የሕግ መምሪያው፣ ይመክሩበታል፣ ውሳኔያቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ቀርቦ ይጸድቃል። ሌላ ቦታ ደግሞ ሕዝቡ በሕግ የተወሰነውን ግብር የመክፈል ግዴታ እንዳለበት ተጽፏል። ከቃላቱ ሁሉ የሚከብደው «በሕግ የተወሰነው» የሚለው ነው፤ በሕግ ያልተወሰነው፣ ሁዳዱ፣ ድርጎው፣ የሹም መስተንግዶው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢያንስ በወረቀት ላይ የሕግ ጥላ አጥቷል።

በነገራችን ላይ በጅሮንድና በጀት ዘመዳሞች ይመስላሉ። አይደሉም። በጅሮንድ የቤተ መንግሥቱን ግምጃ ቤት የሚጠብቅ ባለሥልጣን የድሮ ማዕረግ ነው፤ በጀት ከአውሮፓ የመጣ ቃል ነው። ተክለ ሐዋርያት የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው በጅሮንድ ሲባሉ፣ አንዱ ማዕረግ ሌላውን ቃል ተሸክሞ የመጣ ያህል ነበር። የቀድሞ በጅሮንድ ለጌታው ብቻ ነበር የሚያስረዳው። አዲሱ በጅሮንድ በሕጉ መሠረት ምክር ቤት ፊት ቆሞ «ይህን ያህል ለዚህ፣ ይህን ያህል ለዚያ» ሊል ነው።

ታዲያ ምክር ቤቱ ማን ነበር? እዚህ ላይ ነው አንቀጹ የሚያነክሰው። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በሹማምንቱ እንዲመረጡ ተደነገገ። ግብር የሚበላው ግብር ከፋዩን ወክሎ ይመርጣል ማለት ነው። እንደራሴዎቹ ሚኒስትሮች የሚልኩላቸውን ረቂቅ ተቀብለው ይመክራሉ፤ ከራሳቸው የሚመነጭ ሐሳብ ካለ ፕሬዚዳንታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀርበዋል። በጃፓን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የጃፓን ምክር ቤት በመሬት ግብር ላይ ቅነሳ ይደረግ ብሎ፣ የባሕር ኃይል ወጪም በዛ ብሎ፣ ከመንግሥት ጋር ለዓመታት ተፋልሟል። ባለመሬቱ ገበሬ የመረጠው እንደራሴ ስለነበር የመሬት ግብር የግሉ ጉዳይ ነበር። ከጃፓን የተቀዳው ሕግ አዲስ አበባ ሲደርስ ያ መራጭ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ይሁንና ዘመኑ የግብር ነገር እንዳይደባበስ አድርጎት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በተደራዳሪው ስም የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፣ ኢትዮጵያ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አስሮ ነበር። አገሪቱ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድ፣ ለጦር መሣሪያ ገንዘብ ሲያስፈልጋት የጉምሩኳን ተመን እንኳ ያለ ባዕድ ፈቃድ ማንሣት አትችልም። መንግሥት በ1923 ዓ.ም. በውጭ ዕቃዎች ላይ የፍጆታና የኤክሳይስ ግብር አውጥቶ በዙሪያው ሲዞር የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ጮኹ። ግብር የራስን አገር ገበሬ የሚመለከት ብቻ እንዳልሆነ፣ የነጻነት ጉዳይም እንደሆነ የጉምሩክ ሠራተኛ ሁሉ የተረዳበት ጊዜ ነው።

ተክለ ሐዋርያት በሚኒስትርነት ብዙ አልቆዩም። ወደ አውሮፓ ተላኩ፤ በ1928 ዓ.ም. መባቻ ጣሊያን ሲወር በጄኔቭ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያን ጉዳይ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ረጅም ስደት መጣ፤ አብዛኛውን ማዳጋስካር ላይ በእርሻ አሳለፉት።

ያረቀቁት ሰነድ ግን ከስደት ተመልሶ ሥራ ጀመረ፤ ያለ እሳቸው። ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ ከፈለው። ለአንድ ጋሻ ለም 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10፣ ለጠፍ 5 ብር የመሬት ግብር፤ በአስራት ምትክ ደግሞ 35፣ 30 እና 10 ብር። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ድርጎና ሁዳድ በሕግ ቀሩ፤ በጭሰኛው ሕይወት ግን የባለመሬቱ ሢሶና እኩሌታ ቀጠለ። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ከዚህ ተመን ውጭ ሆነው የቀድሞውን ግብራቸውን ብቻ እንዲከፍሉ ተተዉ። በአንድ አገር፣ በአንድ ንጉሥ ሥር፣ የግብሩ ሕግ አባይን ሲሻገር ይለወጣል።

ቅድሚያ የሚሰጠው ጉዳይ በግብር ስም ላይ መጻፍ የጀመረውም ያኔ ነው። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር፣ በ1951 የጤና ግብር በመሬቱ ላይ ተጨመረ። ገበሬው ትምህርት ቤት ባያይም የትምህርት ግብር ደረሰኝ እጁ ላይ ነበር።

በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴውን በቀጥታ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ ግብር ያለ ሕግ እንዳይጣል፣ እንዳይጨመር፣ እንዳይቀነስም ተጻፈ። በ1949 የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ። ፓርቲ የለም፤ ዕጩ ለመሆን ግን በምርጫ ክልሉ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ያስፈልጋል። በተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ያለ ጭሰኛ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን በአብዛኛው መሬት ያለው ሰው ነው።

የዚህ ውጤት በ1960 ዓ.ም. ታየ። መንግሥት አስራትን አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ፣ ገቢው ባደገ ቁጥር የሚያድግ ግብር ለመጣል ረቂቅ ወደ ምክር ቤቱ ላከ። በዚያ ትውልድ ከታዩት የፓርላማ ክርክሮች ሁሉ የጠነከረው ይህ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ለአንድ ጊዜ እንደራሴዎቹ የሚናገሩት ስለ ሰው ኪስ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ኪስ ነበር። ረቂቁ ሲገባ ስለት ነበረው፣ ሲወጣ ለዝቦ ወጣ። አስራት ተሻረ፣ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ፤ ማን ስንት እንዳገኘ የሚገምተው ግን የአካባቢው ሰው ነው፣ የአካባቢው ሰው ደግሞ ባለመሬቱን ይፈራል። የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነትን ለማስተካከል የቀረበው ሌላ ረቂቅ ዕጣው ከዚህ የከፋ ሆነ፤ አብዮቱ እስኪመጣ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ።

ጎጃም ግን አልጠበቀም። የእርሻ ገቢ ግብሩ ርስቱን የሚያስለካና የሚያስነጥቅ መስሎት ገበሬው ነፍጥ አነሣ። ጦር ዘመተ፣ የአየር ድብደባም ተደረገ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ የዓመታት ውዝፍ ግብርም ተማረ። ፓርላማው ውስጥ ያልተነገረው ክርክር ጫካ ውስጥ ተነገረ።

ዛሬስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 96 ጀምሮ ማን የትኛውን ግብር እንደሚጥል ይዘረዝራል። የፌዴራሉ አለ፣ የክልሉ አለ፣ የጋራ የሆነ አለ፤ ያልተጠቀሰ አዲስ ግብር ሲመጣ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ። ይህ ለደብረ ብርሃን ሰው የመጽሐፍ ነገር አይደለም። በከተማዋ ያሉት የቢራ ፋብሪካዎች ከትርፋቸው የሚከፍሉት ግብር በፌዴራሉና በክልሉ መካከል የጋራ ነው፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ሱቅ የሚከፍለው ግን የክልሉ። በከተማዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለሀብት ለመሳብ የግብር እፎይታ ሲሰጥ፣ የከተማዋ ውኃና መንገድ የሚሠራው ከማን ኪስ እንደሆነ የሚጠይቅ እንደራሴ ያስፈልጋል። ከወለጋ ተፈናቅለው ለዓመታት በመጠለያ የኖሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከበጀት ክርክር ውጭ አይደሉም፤ የምግባቸው ወጪ ከየት ይምጣ የሚለው ራሱ የቅድሚያ ጥያቄ ነው።

ክርክሩ እንዳይደምቅ ያደረገው የቁጥር ነገርም አለ። ከ2002 እስከ 2007 ዓ.ም. በነበረው ምክር ቤት ከ547 ወንበሮች የተቃዋሚ ፓርቲ የያዘው አንድ ብቻ ነበር፤ የአቶ ግርማ ሠይፉ። በየዓመቱ በጀት ሲቀርብ ከገዢው ወገን ውጭ የሚነሣው የተቃዋሚ ፓርቲ እጅ የአንድ ሰው ነበር። ቀጥሎ በተቋቋመው ሳይሆን በ2014 ሥራ በጀመረው ምክር ቤት ደግሞ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ ተሰጠ፤ የዋናው ኦዲተር ግኝት የሚመረመርበት ኮሚቴ ነው። የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄው (አብን) አቶ ክርስቲያን ታደለ ያዙት። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ አቶ ክርስቲያን ታሰሩ፤ በኋላም ያለመከሰስ መብታቸው ተነሣ።

ያም ሆኖ የግብር ረቂቅ ወደ ምክር ቤቱ ሲገባ ዛሬም የሰውን ጆሮ ያቆማል። የንብረት ታክስ አዋጅ በጥር 2017 ዓ.ም. ሲጸድቅ ቤት ያለው ሁሉ ስለ ጣሪያውና ስለ ግቢው አሰበ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል፣ ከግብር ነጻ የሆነው ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። 600 ብሩ የተወሰነው በ2008 ዓ.ም. ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኑሮ ሲወደድ እሱ ባለበት ቆሟል። የክልል መምህር ወይም የወረዳ ነርስ ዓመት በዓመት ሳይታወጅ የሚጨመርባቸው ግብር ማለት ይህ ነው፤ ተመኑ አልተነካም፣ ብሩ ረከሰ እንጂ። እንዲህ ያለው ጭማሪ በአዋጅ ቁጥር ስለማይታወቅ የሚያየው የኪሱ ባለቤት ብቻ ነው። አዋጁ ከመሻሻሉ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ምክር ቤቱ ለ2018 የበጀት ዓመት 1.93 ትሪሊዮን ብር አጽድቋል። የገንዘብ ሚኒስትሩ አቀረቡ፣ እንደራሴዎች ጠየቁ፣ እጅ ተነሣ። ሥርዓቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመጨረሻው መስመር ከመውጣታቸው በቀር፣ ሃምሳ አምስተኛው አንቀጽ እንዳስቀመጠው ነው።

ተክለ ሐዋርያት በ1940ዎቹ መጨረሻ ከስደት ተመልሰው በቀድሞ ግዛታቸው በጨርጨር፣ ሂርና ላይ እርሻ ያዙ። ያረቀቁት ሕገ መንግሥት በ1948 በሌላ ተተክቶ ነበር። ያኛውም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወርዱ ታገደ፣ ፓርላማው ተበተነ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ሲታወጅ፣ በ1923 መሳፍንቱ ሊያስመዘግቡት የፈለጉት የግብር ርስት ከባለመሬቱ ጋር አብሮ ተነቀለ። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ዓይተው በ1969 ዓ.ም. አረፉ። በዚያ ዓመት በጀት የሚቀርብለት ምክር ቤት በአገሪቱ አልነበረም። በእጃቸው ጽፈው የተዉት «የሕይወቴ ታሪክ» ሌላ ሠላሳ ዓመት ጠብቆ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ።